ሃያ ሰባተኛው ገጽ

ግራ እጄን የሰበረው ፌሮ ባለ አስራ ስድስት ሚሊ ነበር። እንዴት አወቅክ ለምትሉኝ፣ መጽሐፍ መነገድ ከመጀመሬ በፊት ሁለት ዓመት የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ሠርቻለሁ። ባለ ስምንት ቢሆን ኖሮ እጄ ላይ ይጎብጥ ነበር። ባለ አስራ ስድስት አይጎብጥም፤ እጅ ነው የሚጎብጥለት።

ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ላስቀድም። ጎፋ ውስጥ አንዲት ኮንቴይነር አለችኝ፤ ያገለገሉ የትምህርት መጻሕፍት እገዛለሁ፣ እሸጣለሁ። አስራ ሁለተኛን በማታ ጨርሻለሁ፤ የቀረውን ከገዢና ከደላላ ነው የተማርኩት። ለትምህርት ቤቶች መጽሐፍ ላቀርብ ስሄድ ግን የላይብረሪ ሠራተኞቹ በማላውቀው ቋንቋ ያወሩብኛል። ካታሎግ ይላሉ፣ ክላሲፊኬሽን ይላሉ፣ እርስ በርስ ይተያያሉ። ነጋዴ ደግሞ በማያውቀው ቋንቋ በሚወራበት ቦታ ይበላል። ስለዚህ መጽሐፍ ወድጄ ሳይሆን ላለመበላት ብዬ ለቡ ውስጥ አንድ ኮሌጅ የቅዳሜና እሁድ ላይብረሪ ሳይንስ ተመዘገብኩ።

ኮሌጅ ስላችሁ ሰፊ ግቢ እንዳይመጣባችሁ። ያላለቀ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አራት ክፍል ነው። ምድር ቤቱ ፌሮና ሚስማር ይሸጥበታል። ደረጃው መደገፊያ የለውም፤ ክፍት ጎኑ እስከ ምድር ቤት ቁልቁል ይታያል። «በቅርቡ ይገጠማል» እየተባልን አንድ ሙሉ ሴሚስተር ግድግዳውን ታክከን ወጣን፣ ወረድን።

የምታስተምረን ሳይሆን የሚያስተምሩን ልበል፣ ቲቸር አስካለ ይባላሉ። ጡረታ የደረሱ፣ ቁመታቸው ከመደርደሪያ ሁለተኛ እርከን የማያልፍ ሴት ናቸው። በመጀመሪያው ሴሚስተር መጨረሻ ላይ ሁለት ነገር አስተማሩን።

አንደኛው የምስጢር ገጽ ነው። ቤተ መጻሕፍት ማኅተሙን የመጀመሪያው ገጽ ላይ ብቻ አይመታም፤ ሌባ መጀመሪያ የሚቀደው እሱን ነውና። ሠራተኛው ብቻ የሚያውቀው አንድ ቁጥር ይመረጥና በሁሉም መጽሐፍ እዚያው ገጽ ላይ ትንሽ ማኅተም ታርፋለች። ሁለተኛው የተበላሸ ገጽ አወጣጥ ነው። ገጽ ተስቦ አይቀደድም። በብረት ማስመሪያና በምላጭ፣ ከስፌቱ ግማሽ ጣት ጠርዝ ተትቶ ይቆረጣል። ያ ጠርዝ ካልቀረ በስፌቱ ማዶ ያለው አቻ ገጽ ይላቀቃል።

ክፍሉ ይህን ለፈተና ጻፈው። እኔ ለሥራ ጻፍኩት።

ሽብሩ የሚባል በያጅ ነበር፤ ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ በርና መስኮት ይሠራል። ከጥቂት ወራት ወዲህ በማዳበሪያ መጽሐፍ እየጫነ ያመጣልኝ ጀመር። የመጀመሪያ ገጻቸው የተቀደደ፣ ሌላው ንጹሕ የሆነ የሁለተኛ ደረጃ መጻሕፍት። በያጅ መጽሐፍ ከየት ያመጣል ብዬ አልጠየቅኩም። በእኛ ሥራ አለመጠየቅ ራሱን የቻለ ችሎታ ነው።

ለሴሚስተር ዕረፍት ኮሌጁ በተዘጋበት ሰሞን ኮንቴይነሬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ከሽብሩ መጻሕፍት አንዱን ገጽ በገጽ ገለጥኩ። ሃያ ሰባተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ሳንቲም የምታክል ክብ ማኅተም ተቀምጣለች። ሁለተኛውን ገለጥኩ፤ ሃያ ሰባት። ሦስተኛውን፤ ሃያ ሰባት። እዚያው ለቡ ያለ የአንድ ትምህርት ቤት ስም ነው። እዚህ ላይ ሁለት መንገድ ነበረኝ። ምላጭ ገዛሁ።

ሽብሩ እያየኝ ገጹን እየቆረጥኩ መጻሕፍቱን ለመንገድ ዳር ሻጮች አከፋፈልኩ። ያላወቅኩት አንድ ነገር ነው። ቲቸር አስካለ በአዘቦት ቀን የዚያው ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ናቸው። እኔ የማውቃቸው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነበር።

አዲሱ ሴሚስተር ቅዳሜ ጠዋት ተጀመረ። ሁሉም ተላጭቶ፣ ተሠርቶ፣ አዲስ ደብተር ይዞ መጥቷል። ቲቸር ገቡ። እንደምን ሰነበታችሁ የለ፣ ምን የለ። ጥቁር ፌስታል ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው አምስት መጽሐፍ አወጡ።

«እነዚህ የእኔ መጻሕፍት ናቸው» አሉ። «የትምህርት ቤቴ። ትናንት መብራት ኃይል መንገድ ዳር ላስቲክ ላይ ተዘርግተው አግኝቼ ገዛኋቸው። የገዛ መጽሐፌን ገዝቼ መጣሁ።»

ከመካከላቸው አንዱን ገለጡና ወደ እኛ አዞሩት።

«ሃያ ሰባት የለም። አምስቱም ላይ የለም።»

ሕይወት የምትባል የመዋዕለ ሕፃናት ሠራተኛ አብራን ትማራለች፤ ቀልድ አያልቅባትም። «ቲቸር፣ ሃያ ሰባትን ብቻ ሰብስበው ምን ያደርጉታል? ሎተሪ ነው እንዴ?» አለች። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እንዲያውም ከሁሉም አብልጬ ሳቅኩ።

«ሌባ ይቦጭቃል» አሉ ቲቸር፣ ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቀው። «ይሄ ግን ተቆርጧል። በማስመሪያ። ግማሽ ጣት ጠርዝ ተትቶለት። እስቲ አዙሩት።»

መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ እኔ ጋ ደረሰ። ጥሩ ሥራ ነበር፤ መዋሸት አልችልም።

«ይህን አቆራረጥ በከተማው ስንት ሰው እንደሚያውቀው አላውቅም። እዚህ ክፍል ውስጥ ግን አስራ አራት ሰው ያውቀዋል፤ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የትምህርት ቤቴ ጥበቃ ጋሽ ጦና ከታሰሩ ዛሬ ዘጠኝ ቀናቸው ነው። በር አልተሰበረ፣ መስኮት አልተሰበረ፣ እሳቸው ቢሆኑ ነው ተብሎ። ተማሪው ለሰንደቅ ዓላማ ተሰልፎ እያየ በካቴና ነው የተወሰዱት። እስከ ስምንት ሰዓት ቢሮዬ ነኝ። ያ ሰው ይምጣ። ካልመጣ የስም መጥሪያውን ይዤ ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ።»

ከዚያ ወደ ሰሌዳው ዞረው የሴሚስተሩን ትምህርት አስጀመሩ። ምን እንዳስተማሩ አትጠይቁኝ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ለምሳ ወረደ። እኔ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቀርቼ ሽብሩ ጋ ደወልኩ።

«ሽብሩ፣ ኮንቴይነር ውስጥ ያለውን ዕቃህን ዛሬውኑ አንሳልኝ። ተነቅቶብናል።»

«ማን ነው የነቃው?»

«አስተማሪዬ፣ ቲቸር አስካለ። መጽሐፎቹ የእሳቸው ናቸው።»

«ለፖሊስ ነገረች?»

«ገና ናቸው። ስምንት ሰዓት ላይ የስም መጥሪያውን ይዘው ሊሄዱ ነው።»

«አሁን የት ናት?»

«እዚሁ ኮሌጁ ሦስተኛ ፎቅ፣ ቢሮአቸው…»

ስልኩ ተዘጋ። ለጥያቄ ቶሎ መልስ መስጠት የንግድ ልማድ ነው፤ ገዢ አለ ወይ ሲል አለ ትላለህ። አፌ ከጭንቅላቴ ቀድሞ ሴትዮዋን ለሽብሩ አስረክቦ ጨረሰ። የሽብሩ መበየጃ ቤት ከዚያ በሞተር አምስት ደቂቃ ነው።

ለቲቸር ወጥቼ ብነግራቸው ራሴን ማጋለጤ ነው። ፖሊስ ብጠራ ያው ነው። ደረጃው ላይ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል ቆምኩ። የቆምኩት በጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ የተሻለ መውጫ ስላጣሁ ነው።

ሞተሩ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ብረት ግድግዳ እየፋቀ ወደ ላይ ሲመጣ ሰማሁ። ሽብሩ በሰማያዊ ቱታው ብቅ አለ፤ ክንድ ተኩል የሚሆን ቁራጭ ፌሮ ከምድር ቤቱ ክምር አንስቷል።

«ውረድ ተካ።»

«አቦ ተረጋጋ። እናትህን የሚያክሉ ሴት ናቸው።»

«የስም መጥሪያውን ብቻ ነው የምፈልገው። አንተንም እኮ ነው የማድንህ፣ ፋራ!»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አናግራታለሁ።»

«በፌሮ ነው የምታናግራቸው?»

«አንተ መጽሐፎቿን በምላጭ አላናገርክም?» ብሎ አንድ ደረጃ ወጣ።

ክንዴን ዘርግቼ መንገዱን ዘጋሁ። ፌሮው ሲወርድ አላየሁትም፤ ድምፁን ነው የሰማሁት፤ ጠመኔ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ነበር። ግራ እጄ ከክርኔ በታች ሌላ መታጠፊያ አወጣ። ሕመሙ ገና አልደረሰም። ሁለተኛው ትከሻዬ ላይ አረፈና በጉልበቴ አስቀመጠኝ። ሦስተኛውን ሊያነሳ ሲል ወገቡ ላይ ተጠመጠምኩበትና ፌሮ የያዘበትን የእጁን አንጓ በጥርሴ ያዝኩት። ጮኸ። እኔ አልለቀቅኩም። አፌ ውስጥ ጨው ጨው ሲለኝ ፌሮው ከእጁ አምልጦ በክፍቱ ጎን ወደቀ። ምድር ቤት እስኪደርስ ሁለት ጊዜ ደረጃ ላይ ነጠረ።

ከዚያ በቡጢ ሆነ። በያጅ ነው፣ ጡንቻው ብረት ነው። ሁለት ጥርሴን አወለቀ። ከፀጉሬ ይዞ ጭንቅላቴን ግድግዳ ላይ መታኝ፣ ደግሞ መታኝ። ሦስተኛው ላይ ወደ ራሱ ሲስበኝ በሳበኝ ጉልበት ቴስታ አገባሁለት። አፍንጫው ግንባሬ ሥር ሲደቅ ተሰማኝ። ዓይኑን ደም ሞላው። ወደኋላ አንድ እርምጃ ሄደ። የሄደበት በኩል ግን ደረጃ አልነበረም።

የቱታውን ኮሌታ በቀኝ እጄ የያዝኩት ሳላስብ ነው። እኔ በሆዴ ደረጃው ላይ ተዘርሬያለሁ፤ እሱ ከወገቡ በላይ ባዶ አየር ላይ ነው፣ እግሩ ብቻ ጠርዙን ይቧጥጣል። ከሥሩ ምድር ቤት የተከመረ ፌሮ ይታያል።

«ተካ ጎትተኝ» አለ። ድምፁ የልጅ ሆነ። «በልጆቼ ሞት፣ ስምህን አልጠራም። አልናገርም ተካ፣ አልናገርም!»

አሁን የምነግራችሁን ብዙ ጊዜ ዘልዬው አውርቻለሁ። ሰውየው አልናገርም ባይለኝ ኖሮ ምናልባት ትዝ አይለኝም ነበር። አልናገርም የሚል ሰው መናገር እንደሚችል ያስታውሳል። ይሄ ሰው ቢወድቅ ምላጩ የማን እንደሆነ የሚያውቅ ማንም የለም፤ አስተማሪዋን ያዳነ ተማሪ እባላለሁ፤ መጻሕፍቱም ኮንቴይነሩም የእኔው ሆነው ይቀራሉ። ይህን ሁሉ ለማሰብ ዓይን እስኪጨፈን እንኳ አልፈጀብኝም። በንግድ እንዲህ ፈጥኜ አስቤ አላውቅም።

ትንሿን ጣቴን አላላሁ። ቀጥሎ የቀለበት ጣቴን። ኮሌታው ትንሽ ተንሸራተተ። ሽብሩ ዓይኔን አየና ገባው። ልመናውን አቆመ።

«እንዳትለቀው!»

ቲቸር አስካለ ከላይ ቆመዋል። «እንዳትለቀው ልጄ! ያዘው! አጥብቀህ ያዘው!» እያሉ፣ ጫማቸው አንዱ እግራቸው ላይ ብቻ ቀርቶ ወረዱ። አጠገቤ ተንበርክከው የሽብሩን ቀበቶ በሁለት እጃቸው ጨመደዱ። ጣቶቼ ተመለሱ። እንዴት እንደተመለሱ አላውቅም። ጎተትነው፤ ሦስታችንም ደረጃው ላይ ተቆልለን ወደቅን።

በጩኸቱ የፌሮ ጫኝና አውራጆች ወጡ። አሮጊት ሊገድል የመጣ መሆኑን ሲሰሙ ሽብሩን በያዙት ጣውላ ይቀጠቅጡት ጀመር። በጎድኑ፣ በጀርባው፣ በጭንቅላቱ። ቲቸር ሄደው በላዩ ላይ ተኙበት። «እኔን ነው ሊመታ የመጣው! እኔ ካልመታሁት እናንተ ምን አግብቷችሁ?» አሉ። ጣውላዎቹ ቆሙ። ፖሊስ መጥቶ ሽብሩን ሲወስደው ያበጠ ዓይኑን ከፍቶ አንድ ጊዜ አየኝ።

በማግስቱ እጄ በጀሶ ታስሮ ክሊኒክ ተኝቼ ሳለሁ ቲቸር ብርቱካን ይዘው መጡ። ወንበር ስበው ተቀመጡና አንዱን ይልጡልኝ ጀመር።

«ሰውየው ቃሉን ሰጠ» አሉ። «መጻሕፍቱን የሸጡልኝ ጋሽ ጦና ናቸው አለ። ሌላ ማንንም አላውቅም አለ።»

ሽብሩ ቃሉን ጠብቆልኛል። ስሜን አልጠራም። በስሜ ቦታ ግን ሌላ ሰው ማስገባት ነበረበት፤ የታሰረ ሰው ደግሞ በእጁ ላይ ነበረለት።

«ጋሽ ጦናስ ምን አሉ?»

«ምን ይላሉ? ይጸልያሉ። ሚስታቸው ከወላይታ መጥታ ጣቢያው በር ላይ ትውላለች።» ብርቱካኑን ሰጡኝ። «አንተ ብላ። ትናንት ነፍሴን አድነሃል።»

ብርቱካኑን አልበላሁም። ዝም ማለት እችል ነበር። አለመጠየቅ ችሎታ ነው ብያችሁ የለ፤ ዝም ማለትም ከእሱ አይርቅም። ግን ያቺ የማላውቃት ሴት ጣቢያ በር ላይ ቆማ ታየችኝ፤ ብርቱካኑ በእጄ ውስጥ ተጨፈለቀ።

«ቲቸር፣ ምላጩ የእኔ ነው።»

ቲቸር ልጣጩን አንድ በአንድ ወረቀት ላይ ሰበሰቡ።

«ጠርዙን ለምን ተውክለት?»

«ማዶ ያለው ገጽ እንዳይላቀቅ።»

«ለገጹ አዘንክለት?» አሉና በጥፊ መቱኝ። ትንሽ እጅ ናት፤ ግን የወለቁት ጥርሶቼ በነበሩበት በኩል ነው ያገኘችኝ።

ከጀመርኩት አይቀር ልጨርሰው አልኩ። «ሌላም አለ። ሽብሩን ይዤው አልነበረም። እየለቀቅኩት ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«እንዴት?»

«ጣቶችህን አየኋቸው። ለዚያ ነው የጮህኩት።»

ይህን ብለው ተነሡ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ልብስህን ልበስ» አሉኝ። ነርሷ አይወጣም ብትልም አልሰሟትም። ከነጀሶዬ ተደግፌያቸው ጣቢያ ሄድን። ምላጩን፣ መጻሕፍቱን፣ ስልክ የደወልኩበትን ሰዓት ሁሉ ተናገርኩ። ሽብሩ መስኮት ሠሪ መሆኑ ትዝ ብሎኝ፣ የላይብረሪውን መስኮት ፍርግርግ የበየደው ማን እንደሆነ ጠይቁ አልኳቸው። ሄደው ሲያዩት ፍርግርጉ በሁለት ነጥብ ብቻ የተያዘ ነው፤ በእጅ ይነሳል፣ ተመልሶ ይገጠማል። የሠራው ሽብሩ ነው። ጋሽ ጦና በአስራ ሁለተኛው ቀን ተፈቱ። ሽብሩ ተፈረደበት። እኔን ፍርድ ቤቱ በገደብ ለቀቀኝ፤ ኮንቴይነሬ ውስጥ የነበረው ሁሉ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለሰ።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ከእናንተ መካከል ነጋዴም፣ ጸሐፊም፣ ቁልፍ ያዥም ይኖራል። እኔ ዕድሜዬን ሁሉ «እኔ ገዢ ብቻ ነኝ» እያልኩ ኖሬያለሁ። ፌሮ የያዘው ሽብሩ ነው፤ ቢሮው የት እንደሆነ የነገርኩት እኔ ነኝ። ሰው ገድዬ አላውቅም፣ ልገድልም አልችልም ብላችሁ በሙሉ ልብ የምትምሉ ካላችሁ አትማሉ። እኔ ሁለት ጣት ያህል ገድያለሁ። የቀሩትን ሦስቱን ያስቆመችልኝ አንዲት አጭር ሴት ናት። አሁን ሰው ፊት ለፊቴ ተቆጥቶ ሲቆም የማየው የእሱን እጅ አይደለም፤ የራሴን ነው።

ፍርዱ ከመምጣቱ በፊት በዋስ ወጥቼ፣ እጄ ገና በጀሶ እያለ ለጋሽ ጦና ሽማግሌ ልኬ ነበር። ካሳ ይጠይቁኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። «ገንዘብ አልፈልግም ብለዋል» አሉኝ። «ተማሪው ተሰልፎ እያየ ነው የወሰዱኝ፤ ተማሪው ተሰልፎ እያየ ይናገር ነው ያሉት።»

ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማው ከተሰቀለ በኋላ ሰልፉ ፊት ቆምኩ። ርዕሰ መምህሩ ማይክ የለም አሉኝ።

«ተካ እባላለሁ» አልኩ። «የተሰረቁ መሆናቸውን እያወቅኩ መጻሕፍታችሁን የገዛሁት እኔ ነኝ። ማኅተማቸውን በምላጭ ቆርጬ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ጋሽ ጦና ምንም አላደረጉም። በእኔ ምክንያት አስራ ሁለት ቀን ታሰሩ።»

ከበሩ በኩል የጋሽ ጦና ድምፅ መጣ።

«ኋላ ያሉት አልሰሙም።»

ደገምኩት። በዚህኛው ጊዜ ጮክ ብዬ ነው፤ ባልወለቁት ጥርሶቼ መሃል ምራቄ እየተረጨ። ኋላ ያሉት ሰሙ።

ስወጣ ጋሽ ጦና በሩ ላይ አስቆሙኝ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዩኒፎርማቸው የተተኮሰ ሰው ናቸው።

«እጅ ወደ ላይ።»

«ግራው አይነሳም ጋሽዬ።»

«እስከቻልክበት።»

ኪሴን፣ ወገቤን፣ ጀሶው የገባበትን እጅጌ ሳይቀር ፈተሹ። ቦርሳዬን ከፍተው ውስጡን አዩና መለሱልኝ። ከዚያ በሩን ከፈቱ። ከኋላዬ ዳቦ አቅርቦ የሚወጣ ሰውዬ ነበር። እሱንም እጅ ወደ ላይ አሉት፤ ልክ እንደ እኔው፣ አንድም ኪስ ሳይዘሉ ፈተሹት። እስከ ታክሲው ድረስ ደስ እያለኝ ሄድኩ።